የጫጩት ሪህ፤ ስሙና መንሥኤው

ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በቢሾፍቱ የተፈለፈለ የሥጋ ዶሮ ጫጩት እዚያ እስኪደርስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ውኃ ሊጓዝ ይችላል። በቀናት ውስጥ ሞቶ ሬሳው ሲከፈት፣ ልቡና ጉበቱ ኖራ የተነሰነሰባቸው መስለው ከታዩ፣ በሽታው የውስጥ አካላት ሪህ ይባላል።

ስሙ ከሰው ሕክምና የተወሰደ ነው። እ.አ.አ. በ1776 ሼሌ ዩሪክ አሲድን ከፊኛ ጠጠር ለይቶ አወጣ፤ በ1797 ዎላስተን የሪህ ሕመምተኛ እባጭ ከዚሁ አሲድ ጨው የተሠራ መሆኑን አሳየ። ዶሮ ግን የናይትሮጅን ቆሻሻዋን ዘወትር የምታስወግደው በዩሪክ አሲድ ነው፤ በኩሷ ላይ የሚታየው ነጭ ይኸው ነው። ኩላሊቷ ሲታወክ አሲዱ በአካሏ ላይ ይረጋል።

የሰው ሪህ የድሎት በሽታ ይባል ስለ ነበር፣ በጫጩቱም ጥርጣሬ በቅድሚያ በመኖ ላይ ቢያርፍ አያስደንቅም። ካልሲየም የበዛበት መኖ ኩላሊትን መጉዳቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሻልክና ሆውን በ1931 በሰሜን ዳኮታ የገለጹት ተላላፊ ብሮንካይትስ፣ በዋናነት የመተንፈሻ በሽታ ተደርጎ ሲታይ ከቆየ በኋላ፣ በ1962 ዊንተርፊልድና ሂችነር በአሜሪካ፣ ከሚንግም በአውስትራሊያ የኩላሊቱን ጉዳት ከተላላፊ ቫይረስ ጋር አገናኙት። በ2011 እና በ2012 በሕንድ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ጫጩት የፈጀው ሪህ ደግሞ ከአስትሮ ቫይረስ ጋር ተያይዟል።

በ2017 የታተመ ጥናት 793ቢ የተባለውን የብሮንካይትስ ቫይረስ ዓይነት በኢትዮጵያ ዶሮዎች ላይ አግኝቷል። ይህ ብቻውን የጥሊሊውን ጫጩት አሟሟት አያስረዳም። አርቢው ግን መኖ ነጋዴውን ብቻ ቢቀይር፣ ጥማቱ ወይም ቫይረሱ ቀጣዩንም መንጋ ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ሬሳውን የሚከፍት ባለሙያ ስለ መኖው ከመጠየቁ በፊት የጉዞውን ሰዓት፣ የመጠጫውን ዕቃና የቤቱን ሙቀት ይጠይቅ፤ ኩላሊቱንም ሳይጥል ለላቦራቶሪ ይላክ።