ሀብሀብ፦ የጎረቤት ስጦታ

የባንክ ሥራዬን የመጀመሪያ ዓመታት ያሳለፍሁት በመተማ ነው። የመተማን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከቀትር በኋላ የምትቆጥረው ብር እንኳ በጣትህ ላይ የሚያልብ ይመስላል። እንዲህ ባለ አንድ ቀን የቅርንጫፉ ጥበቃ የነበሩት አዛውንት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንድ ትልቅ ሀብሀብ በካራ ሰነጠቁና ቁራጩን ዘረጉልኝ። «ምሳ በልቻለሁ፣ አባባ» ብላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይህ እኮ ምግብ አይደለም፤ ውኃ ነው» አሉኝ።

በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ የዚህ ፍሬ ታሪክ ከሞላ ጎደል በእኚያ አዛውንት ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። እነሆ፣ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ እርሱን ላጫውታችሁ።

ሀብሀብ የዱባና የቅል ዘመድ ነው። አገሩስ ወዴት ነው? ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ጣታቸውን ይቀስሩ የነበረው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር። ምክንያቱም የሊኒየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ስዊድናዊው ቱንበርግ እ.ኤ.አ. በ1773 በኬፕ ታውን አካባቢ የሰበሰበው ደረቅ ናሙና ከዚህ ፍሬ ሳይንሳዊ ስም ጋር ተቆራኝቶ መኖሩ ነው። ከሁለት ምዕተ ዓመታት በላይ ቆይቶ የናሙናው ዘረመል ሲመረመር ግን እኛ የምንበላው ጣፋጩ ሀብሀብ ሳይሆን ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ የቅርብ ዘመዱን አመለከተ፤ ይኸውም በሱዳን በኮርዶፋን የሚበቅል፣ ውስጡ ነጣ ያለና ምሬት የሌለበት ፍሬ ነው። እንግዲህ ሩቅ አገር ሲፈለግ የኖረው ዘር ከመተማ ማዶ፣ ከጎረቤታችን ደጅ ተገኘ ማለት ነው።

የጥንት ሰው መጀመሪያ የፈለገው ጣዕሙን አልነበረም። በሊቢያ በረሃ የተገኙ 6000 ዓመት ያህል ያስቆጠሩ ዘሮች በ2022 በታተመ ጥናት ሲመረመሩ ሥጋው መራራ የነበረ ዓይነት መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ያ ሕዝብ ይሰበስብ የነበረው ለዘሩ ሲል ይመስላል። በግብፅ ግን ከ4000 ዓመታት በላይ በቆየ የመቃብር ሥዕል ላይ ሞላላና ዥንጉርጉር ፍሬ በትሪ ተቀምጦ ይታያል። እንዲህ በትሪ የሚቀርበው ሳይበስል የሚበላ ጣፋጭ ቢሆን ነው ይላሉ አጥኚዎች። ሃዋርድ ካርተር በ1922 በከፈተው በቱታንካሙን መቃብርም የሀብሀብ ዘር ተገኝቷል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ በግብፅ ከናፈቋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ፍሬ እንደ ነበር ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ።

በኮርዶፋንና በዳርፉር ደግሞ ገበሬው ሀብሀቡን አከማችቶ በበጋ ጉድጓዱ ሲነጥፍ ለሰውም ለከብትም ውኃ ያደርገው ነበር። የአዛውንቱ ቃል እንዲያው የቀልድ ቃል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዘሩ ከሰው ጋር ተጓዘ። ዐረቦች ወደ እስፓኝ አደረሱት፤ በምሥራቅም እስከ ቻይና ዘልቆ «የምዕራብ ሐብሐብ» እንደ ማለት ሺጓ ተባለ። በሒጃዝም ስሙ እንደ እኛው ሐብሐብ ነው። ወደ አሜሪካ የገባው ግን በቅኝ ገዢዎችና በባሪያ ንግድ ዘመን ነው። በ1865 ባርነት ሲያከትም ነጻ የወጡት ጥቁሮች ሀብሀብ እያመረቱ በየገበያው ሸጡ፤ በገዛ ላባቸው ማደራቸውን አሳዩበት። ይህ ነጻነት የጎረበጣቸው ነጮች ደግሞ ያንኑ ፍሬ መሳለቂያ አደረጉት፤ ጥቁሩን ሰው ሰነፍና ሆዳም አስመስለው በየጋዜጣውና በየፖስት ካርዱ ሣሉት። አንድ ፍሬ የነጻነት ምልክትም የስድብ መሣሪያም ሊሆን መቻሉ ያስገርማል።

የዘመኑ ሳይንስም የአዛውንቱን ቃል አላፈረሰም። የሀብሀብ ሥጋ ከመቶ 91 ያህሉ ውኃ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ 30 ካሎሪና 6 ግራም ያህል ስኳር ብቻ ይገኛል። ቀይ ያደረገው ላይኮፒን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን መጠኑ ከጥሬ ቲማቲም ይበልጣል። በ1930 ስሙን ከዚሁ ፍሬ የላቲን ስም ያገኘው ሲትሩሊንም የደም ሥሮች ዘና እንዲሉ ሰውነትን ይረዳል። ይሁንና የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በልክ ይብላው፤ ጣፋጭነቱ ጣፋጭነት ነውና።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ። በመተማ በኩል ብዙ ሰው ተሰዶ ገባ፤ የሀብሀብ ምድር የሆነው ኮርዶፋንም የጦር ሜዳ ሆነ። ጦርነቱ በ2023 መጨረሻ ወድ መደኒ ሲደርስ በዚያ የነበረው የአገሪቱ የዘር ባንክ ተዘረፈ። ከተረፈው ዘር ከፊሉ በ2025 በኖርዌይ ስቫልባርድ ወደሚገኘው ማከማቻ ተልኳል። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህ ዜና ከሌላው ይልቅ ከነከነኝ። የተዘረፈ ገንዘብ ሠርተው ይተኩታል፤ ገበሬ በሺህ ዓመታት የመረጠውን ዘር ግን ማን ያትመዋል?

ያን ዕለት ሀብሀቡን በልተን ስንጨርስ እኔ ዘሩን ወደ መሬት ስተፋ አዛውንቱ የእርሳቸውን በመዳፋቸው ሰበሰቡ። በወረቀት ጠቅልለው ከደረት ኪሳቸው ሲከቱት ዐይቼ «ምን ያደርግልዎታል፣ አባባ?» አልኋቸው።

«ለክረምት» አሉኝ። ከዚያም እኔ የተፋሁትን ከአፈር እየለቀሙ ጨመሩበት።