ጅሬን ቆሞ፣ አንደራቻ ጠፍቶ

የማኅበራችን አባላት ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስንጎበኝ፣ ከቦንጋ ተድረው ጅማ የመጡ አንዲት እናታችን በረንዳው ላይ ቆመው "የእኛስ የት አለ?" አሉ። መልስ አጣን።

የከፋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት አንደራቻ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን ያዘ። ከጦሩ ጋር የጅማም ሠራዊት ዘምቷል፤ ይህን እኛ ጅማዎች ብዙም አናነሳውም። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ጎጀብን ሲሻገሩ የንግሥና ቀለበታቸውን ወንዙ ውስጥ ጣሉ፣ ከእንግዲህ የከፋ ንጉሥ አይኖርም አሉ ይባላል። ዘውዱም አገር ውስጥ እስካለ ድረስ ሥልጣን ወደ ከፋ ይመለሳል የሚል ትንቢት ስለነበር፣ አፄ ምኒልክ በስዊሱ አማካሪያቸው በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ከአገር አስወጡት ይላሉ። ዘውዱ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተመልሷል። ቀለበቱን ግን ያገኘ የለም።

ከመካከላችን "እርግማን ነው" ያሉ ነበሩ። እኛ ግን አልተዋጠልንም። አባ ጅፋር በእናታቸው በገኔ ጉሚቲ ምክር ለምኒልክ ገብረው ነው ጅሬንን ያተረፉት። ጋኪ ሸሮቾ ተዋጉ፤ ጠመንጃ የበዛለት አሸነፈ። የጅማም የራስ አስተዳደር ቢሆን አባ ጅፋር በሞቱበት በ1932 እ.ኤ.አ. አክትሟል።

እናታችን ቡናውን እስከ በረካ ጠጥተው ዝም አሉ። የሚቀጥለው ጉዟችን ጎጀብን ተሻግረን ቦንጋ ነው፤ መንገዱን የሚመሩን እሳቸው ናቸው።