ቪፒኤን ሲከፈት ኢንተርኔቱ ለምን ያዘግማል? የአሮጌዋ ሣጥን ታሪክ

በየካቲት 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገድበው አምስት ወር ያህል ሲቆዩ፣ ቪፒኤን እንደገና የታክሲ ወሬ ሆኖ ነበር። አብሮት «ይሠራል፣ ግን ያዘግማል» የሚል ምሬት መጣ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ይጥላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ ወይም ነፃ ተብሎ ሕዝብ ከተጋፋበት እናንተ ምንም ማድረግ አትችሉም። ቪፒኤኑን ያረጀ ራውተር ላይ ለጫነ ወይም በድሮ ስልክ ለሚጠቀም ሰው ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እቤቱ ነው። መሣሪያው ሒሳቡን መሥራት አቅቶታል። የዚህ ሒሳብ ታሪክ ደግሞ ሀብታምና ድሃ አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ በ1977 ያጸደቀችው ዴስ የተባለ የምስጠራ መስፈርት ቁልፉ 56 ቢት ብቻ ነበር። በ1998 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ከ250 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ በሠራው ማሽን በ56 ሰዓት ሰበረው። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ተተኪ ፍለጋ ለዓለም ክፍት ውድድር የጠራው ከዚያ አስቀድሞ በ1997 ነው። 15 እጩዎች ቀርበው ሁለት ቤልጂየማውያን፣ ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን፣ በ2000 አሸነፉ። ሥራቸው በ2001 ኤኢኤስ ተብሎ ጸደቀ። ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ በደካማ ቺፕ፣ በስማርት ካርድ ላይ ሳይቀር፣ በደንብ መሮጡ ነው። ይህን ያዙልኝ።

በዚያው 2001 ጄምስ ዮናን የተባለ ፕሮግራመር ማዕከላዊ እስያ እየተዘዋወረ ሲሠራ፣ መረጃው በማያምነው ኔትወርክ ማለፉ አሳስቦት ኦፕንቪፒኤንን ጻፈ። ግሩም ሥራ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ ከሲስተሙ እምብርት ከከርነሉ ወጥቶ ወደ ፕሮግራሙ ይሄዳል፣ ይመሰጠራል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ለአንዲት ማኅተም ቢሮ ለቢሮ እንደሚመላለስ ባለጉዳይ። ኮምፒውተር ይህን ይችለዋል። ራውተር ግን እሽግ እንዲያሳልፍ እንጂ እንዲያመሰጥር አልተሠራም። በዘመኑ ዝነኛ የነበረው የሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ የመጀመሪያ ሞዴል ፕሮሰሰሩ 125 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር።

በ2010 ኢንቴል ኤኢኤስን የሚያሰሉ ልዩ ትእዛዞችን በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ከተተ። ለትንሹ ቺፕ እንዲመች የተመረጠው ምስጠራ የትልቁ ቺፕ መብት ሆነ። ርካሽ ስልኮችና የቤት ራውተሮች ወደ ኋላ ቀሩ፤ በ2019 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 4 እንኳ እነዚህ ትእዛዞች የሉትም።

ነገሩ የፍጥነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጉግል በ2015 አንድሮይድ 6ን ሲያወጣ አዳዲስ ስልኮች ማኅደራቸውን እንዲያመሰጥሩ አስገደደ፤ ኤኢኤስን በሰከንድ ከ50 ሜጋባይት በላይ ማስኬድ ያልቻሉትን ግን ከግዴታው ነፃ አወጣ። በአማርኛ ሲተረጎም፦ ርካሽ ስልክ የገዛ ሰው ቢሰረቅ ፎቶውና መልእክቱ ለሌባው ክፍት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኔ ይህን ከቴክኒክ ውሳኔ በላይ አድርጌ ነው የማየው።

መላው የመጣው ከሒሳብ ሰዎች ነው። ዳንኤል በርንስታይን በ2008 ያወጣው ቻቻ የሚባል ምስጠራ ልዩ ቺፕ አይፈልግም፤ ማንኛውም ፕሮሰሰር የሚያውቃቸውን መደመርን፣ ቢት ማሽከርከርንና ቢት ማነጻጸርን ብቻ ይጠቀማል። ጉግል በ2014 ክሮም ላይ ሲያስገባው የኤኢኤስ ቺፕ በሌላቸው ስልኮች ሦስት እጥፍ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። በ2019 ደግሞ በዚሁ ላይ የተመሠረተ አዲያንተም የተባለ ዘዴ ወጥቶ እነዚያ የተተዉ ስልኮች ማኅደራቸውን ማመስጠር ቻሉ። ጄሰን ዶነንፌልድ ያንኑ ቻቻ ይዞ ዋይርጋርድን ሠራ። ኮዱ 4 ሺህ መስመር ያህል ነው፤ ሥራውን ከርነሉ ውስጥ ስለሚጨርስ ምልልሱ ቀረ። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የሊኑክስ አካል ነው።

እንግዲህ ራውተሩን ከመጣላችሁ በፊት ትልቅ ፋይል እያወረዳችሁ የፕሮሰሰሩን ጫና ተመልከቱ። መቶ በመቶ ከደረሰ ማነቆው እሱ ነው። ኦፕንደብሊውአርቲ የሚቀበል ከሆነ ዋይርጋርድ ጫኑበት። ማከማቻው 4 ሜጋባይት ብቻ የሆነው የድሮው ቲፒ ሊንክ 841 ዓይነት ከሆነ አትድከሙ፤ ቪፒኤኑን ከራውተሩ አውርዳችሁ ላፕቶፑ ወይም ስልኩ ላይ አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ እዚያ ይሻላል። ኦፕንቪፒኤን ግድ ከሆነባችሁ ከቲሲፒ ይልቅ ዩዲፒን ምረጡ፤ ቲሲፒ በቲሲፒ ላይ ሲደረብ የጠፋውን እሽግ ሁለቱም ልላክ እያሉ ይጋፋሉ።

ቀርፋፋውን ግን ጨርሳችሁ አታጥፉት። ዋይርጋርድ ቪፒኤን መሆኑን ለመደበቅ አይሞክርም፣ የሚሄደውም በዩዲፒ ብቻ ነው። ዩዲፒ በተዘጋበት ቀን ፈጣኑ ቆሞ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሚያልፈው በቲሲፒ የሚያዘግመው ኦፕንቪፒኤን ሊሆን ይችላል።