ከደሴ እስከ አማኑኤል፣ ከአማኑኤል እስከ ቀዬ
የአእምሮ ሕሙማን የማገገም ታሪክ በወሎ

መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው መነሻውና መድረሻው የት እንደሆነ ነው። በወሎ የአእምሮ ሕሙማንን የሕክምና ታሪክ ለመመርመር የሚሻም ይህንኑ ጥያቄ ቢያነሣ አይሳሳትም። ለብዙ ዘመን መነሻው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ፣ መድረሻው አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር፤ በመካከሉም 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ይሁን እንጂ የታመመ ሰው ሊደርስ የሚመኘው ወደ ሆስፒታል ሳይሆን ወደ ቤቱ፣ ወደ ሥራውና ወደ ጎረቤቱ ነው። እንግዲህ ርቀቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው ከሕመም እስከ ሕክምና፣ ሁለተኛው ከሕክምና እስከ ኑሮ። የመጀመሪያው በየጊዜው እያጠረ መጥቷል። ሁለተኛው ግን ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል።

ዘመናዊ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት የወሎ ሕዝብ ለአእምሮ ሕመም ምንም ዘዴ አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። ክርስቲያኑ ሕመምተኛውን ጸበል ያስጠምቃል፤ ለግሸን ማርያም ይሳላል። ሙስሊሙ ወደ ጀማ ንጉሥና ወደ ዳና ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል። ጭንቅ በገባበት ቤት ወዳጃ ይጠራል፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስለታመመው ፈጣሪ ይለመናል። የሁለቱን ሃይማኖት ተከታዮች በአንድነት የሚያሰባስበው ቅሬም ሙት ከመቅበር አልፎ የተጣላን ያስታርቃል፣ የተቸገረን ይረዳል። የእነዚህ ልማዶች ታላቅ ጥቅም የታመመውን ሰው ብቻውን አለመተዋቸው ነው። ሕመሙ ሲጠናና ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ሲመስል ግን ቤተ ሰብ በሰንሰለት ወደ ማሰር ይደርሳል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን አማራጭ ከማጣት የሚመጣ ነው።

አማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ዋሻ በኩል ኮምቦልቻና ደሴ የሚደርሰው የመኪና መንገድም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን መስጠት ከጀመሩ ወዲህ፣ ብዙ ሕመምተኞች በቤታቸው እየታከሙ መኖር የሚችሉበት በር ተከፈተ። ነገር ግን እንዲህ ያለው መድኃኒት የሚረዳው ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። ከደሴ ለሚመላለስ ቤተ ሰብ አንድ ቀጠሮ ማለት የአውቶቡስ ዋጋ፣ የአስታማሚ ስንቅ፣ የማደሪያ ኪራይና የባከነ የሥራ ቀን ማለት ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ ቀጠሮው ይታለፋል፤ ቀጠሮው ሲታለፍ መድኃኒቱ ያልቃል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ጎረቤት «አማኑኤልም ገብቶ አልዳነ» ይላል። የተበላሸው አቅርቦቱ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በሰውየው ላይ ይወድቃል። የሆስፒታሉ ስም ራሱ በሰው አፍ መሳለቂያ መሆኑም ሸክሙን አክብዶታል።

ይህን ርቀት የማሳጠሩ ሥራ በርትቶ የተጀመረው ነርሶችን በማሠልጠን ነው። ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ይመደቡ ጀመር። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልት ደግሞ አገልግሎቱ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቀደ። በደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በመኖሩ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የጤና ባለሙያዎችን በማሠልጠኑ፣ ቀድሞ የቀናት ጉዞ ይጠይቅ የነበረው ቀጠሮ የግማሽ ቀን ጉዳይ ሊሆን በቃ።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ይህ የተገኘው ሁሉ ምን ያህል በቀላሉ ሊበጠስ እንደሚችል ታየ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ አገልግሎቱም ተቋረጠ። ሕዝቡ አዲስ ፍርሃትና ኀዘን በደረሰበት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የታመመውም መድኃኒቱን የሚያገኝበት ቦታ አጣ። አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ሕንጻው በሙሉ እንዳይናድ ሸክምን ማከፋፈል ለመሐንዲሶች እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሕክምናውም በአንድ ሆስፒታል ላይ ብቻ ሳይሆን በየጤና ጣቢያው መደገፍ የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ርቀት በመድኃኒት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ናይጄሪያዊው ሐኪም ቶማስ አዴዎዬ ላምቦ በ1954 እ.ኤ.አ. በአቤኦኩታ አጠገብ ባሉት የአሮ መንደሮች ሕሙማን ከዘመድ ጋር እየኖሩና እየሠሩ እንዲታከሙ ያደረገው ይህን ተረድቶ ነው። በኢትዮጵያም በጉራጌ አካባቢ፣ በሶዶ ወረዳ፣ ስኪዞፍሬንያ በተባለው ጽኑ ሕመም የተያዙ 166 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ተካሂዷል። ገሚሶቹ በጤና ጣቢያ ብቻ ሲታከሙ፣ ለሌሎቹ በዚያ ላይ ሠልጥነው የተመደቡ ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ቤተ ሰቡን አስተማሩ፣ ሰፈሩን አነጋገሩ፣ ሕመምተኛው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለስ ረዱ። በ2014 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በማከናወን ረገድ የተሻሉት እነዚህ ሁለተኛዎቹ ነበሩ።

ከዚህ እንደምንረዳው ማገገም ሕመሙ ጨርሶ የጠፋበት ቀን ማለት አይደለም። ሌሊቱን መተኛት፣ ጠዋት ተነሥቶ መታጠብ፣ ቡና ሲጠሩ መሄድ፣ ቅሬ ሲጠራ ከሰው እኩል መገኘት፣ በእጅ ሥራ ደመወዝ ማግኘት ማገገም ነው። ወሎ ቅሬውና ቡናው ስላለው የሚያስፈልገው መሠረት ግማሹ ተጥሏል። የቀረው ሥራ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በደሴም ሕንጻና መንገድ ይሠራል። ሠራተኛ የሚቀጥሩት፣ ፈረቃ የሚያወጡት፣ ፈቃድ የሚሰጡት ብዙዎቹ የዚህ ሙያ ሰዎች ናቸው። ከሕመም የተመለሰ ሠራተኛ ለወር ቀጠሮው አንድ ቀን ቢፈቀድለት፣ መድኃኒቱ እንቅልፍ የሚያመጣበት ከሆነ ከሌሊት ፈረቃና ከከፍታ ሥራ ቢነሣ፣ ስለ ሕመሙም ያለ ፈቃዱ ባይወራበት፣ ወጪው እጅግ ጥቂት ነው። የመጨረሻው ኪሎ ሜትር የሚሠራው በሐኪም ሳይሆን በሥራ አለቃና በባልደረባ ነው።