ድንኳን ከተተከለ በኋላ

በድሮ ዜና መዋዕሎች «ከተማ» የሚባለው የድንጋይ ቤትና ጎዳና ያለበት ቦታ ሳይሆን ንጉሡ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ ያረፈበት ሜዳ ነው። «ሰፈር»ም እንደ ስሙ የተሰፈረበት ቦታ ነው። ማዕረጎቹም ከዚያው ሜዳ የተነሡ ናቸው። ደጃዝማች የደጅ፣ ቀኛዝማች የቀኝ፣ ግራዝማች የግራ አዝማች ሲሆኑ ፊታውራሪ ደግሞ ከፊት ቀድሞ የሚሄደው ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ የኢትዮጵያ ነገሥታት ለበርካታ መቶ ዓመታት ዓመቱን ያሳለፉት በአብዛኛው እንዲህ ከሰፈር ሰፈር እየተጓዙ ነበር። በአካባቢው ያለው እህልና ማገዶ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል።

ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል አገር የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡን ሰፈር በአምስትና ስድስት ሺህ ድንኳን ገምቶታል። ቄሱን ያስገረመው ግን ከብዛቱ ይልቅ ሥርዓቱ ነበር። የትኛውም ሜዳ ላይ ቢደረስ እያንዳንዱ ባለ ድንኳን ማንም ሳያሳየው ቦታውን ያውቃል፤ ቀኙ በቀኝ፣ ግራው በግራ ይሰፍራል፣ ገበያውም የራሱ ስፍራ አለው።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ከመሸ በኋላ ምን ያደርግ ነበር? በኢትዮጵያ ደጋ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች። ዘመቻ የሚወጣውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሌሊቱ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ከእራት እስከ እንቅልፍ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሰው ያለው እሳት፣ ጋቢና ጓደኛ ነው።

መጀመሪያ እራቱ ነው። የዘማች ስንቅ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። ዱቄት ያለው ደግሞ ብርኩታ ይጋግራል። ድቡልቡል ድንጋይ እሳት ውስጥ ገብቶ እስኪግል ይጠበቃል፤ ሊጡ በድንጋዩ ዙሪያ ይጠቀለልና ፍም ላይ ይቀመጣል። በውስጥ ድንጋዩ፣ በውጭ ፍሙ ያበስለዋል። ምጣድም አክንባሎም አያስፈልግም። ሲበስል ተሰብሮ ድንጋዩ ይወጣል፤ ዳቦው ይበላል። ከጦሩ ጋር ለሚጓዙት ሴቶች ግን ምሽቱ የጨዋታ ጊዜ አልነበረም። ወንዱ እሳት ዳር ሲቀመጥ እነሱ ለነገ ይፈጫሉ፣ ያቦካሉ፣ የጠጁን ጋን ይጠብቃሉ። ስለ ዘመቻ ምሽት የሚተርኩ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል።

ስለ ተራው ወታደር ምሽት በጽሑፍ የቀረው ጥቂት ነው። ጸሐፊዎቹም፣ የውጭ አገር እንግዶቹም ዓይናቸው ያለው ትልቁ ድንኳን ላይ ነበር። ያም ሆኖ እስከ ቅርብ ጊዜ በየገጠሩ የዘለቁት ጨዋታዎች ምን ይመስል እንደነበር ይጠቁማሉ። አንዱ እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንድ አገር ስሙን ጠርቶ መስጠት ግድ ነው። ጠያቂው በተሰጠው አገር ላይ ገዥ ሆኖ ጥቂት ከፎከረ በኋላ መልሱን ይናገራል። ግዛት ለመያዝ ወይም ለማስመለስ ወጥቶ ሜዳ ላይ ላደረ ሰው ከዚህ የተስማማ ጨዋታ ማግኘት ይከብዳል።

ሌላው ገበጣ ነው። ገበጣ ከእንጨት የተፈለፈለ ሰሌዳ ቢኖረው ጥሩ፤ ባይኖረው መሬት ላይ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ጉድጓድ ተምሶ ጠጠር ይታደልበታል። ጠዋት ሰፈሩ ሲነሣ የሚሸከመው ዕቃ የለም። በጥንታዊዎቹ ከተሞች በየሃና በማጠራ ድንጋይ ላይ ተፈልፍለው የሚታዩ ረድፎች የጥንት ገበጣዎች ናቸው የሚሉ አሉ። ድንጋይ የተፈለፈለበትን ዘመን መለየት ግን አስቸጋሪ ስለሆነ ጨዋታውን በእነሱ ብቻ ተመርኩዞ ወደ አክሱም ዘመን መውሰድ ችኮላ ይሆናል።

አዝማሪው በወታደሩ እሳት ዳርም በትልቁ ድንኳንም ነበር። በጌታው ድንኳን ማሲንቆውን ይዞ ያወድሳል፤ በሰምና ወርቅ ደግሞ ሌላው ሰው ቢናገረው የሚያስቀጣውን ነገር እዚያው ጌታው ፊት ይናገራል። ፉከራና ቀረርቶ ሲከተሉ ትናንት የሸሸው ሁሉ ነገ ጀግና ሊሆን ይምላል።

ትልቁ ድንኳን ውስጥ ግን የምሽቱ ንጉሥ የቼዝ ዓይነት የሆነው ሰንጠረዥ ነበር። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ለጉዞ የተሠራ ይመስላል። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ስለሆነ ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫናል። መጫወቻዎቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር (ሩክ) እና መደቅ (ወታደር) ይባላሉ። በ1520ዎቹ አካባቢ ቬኒሳዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ቢቺኒ የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደነበር ሰፍሯል። ስለ ቢቺኒ ሌላ የሚታወቀው እምብዛም ነው።

ብዙ ያነጋገረው ሥዕል የመጣው ከዚያ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እንደርታ ውስጥ አንጣሎ ደርሶ ራስ ወልደ ሥላሴን በመኳንንቶቻቸው መካከል ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አገኛቸው። መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተጠረቡ፣ ትልልቅና ሻካራ ናቸው። የጠላት መጫወቻ ሲበላ በኃይል ተመትቶ ከቦታው ይወረወራል። ቦታው በጩኸት ተሞልቷል፤ ተመልካቹ ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ ምክር ይሰጣል፣ እጁን ሰዶም መጫወቻ እያነሣ «እንዲህ ይሻላል» ይላል። ሶልት በመጨረሻ ያስተዋለው ሰዎቹ ራስ ወልደ ሥላሴ ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ በዘዴ ማመቻቸታቸውን ነው።

ከሶልት የተነበበው ሁሉ እንዲሁ ቢወሰድ ሰንጠረዥ ሕግ የሌለው የግቢ ጫጫታ ይሆናል። ከ1848 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በኢትዮጵያ የኖረውና በ1860 የተገደለው ዋልተር ፕላውደን ግን ሌላ መልክ ትቶልናል። ከሞቱ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ የገለጸው ሰንጠረዥ ይሉኝታ የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። በደር ወይም በፈረስ ብቻ ንጉሥን መግደል ያዋርዳል እንጂ አያስከብርም። የሚደነቀው ደካሞቹን መጫወቻዎች አስተባብሮ የገደለ ነው። እንዲህ ዓይነት ክብር የሚጠበቅበትን ጨዋታ ሕግ የለውም ማለት አይቻልም።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ሶልት ያልጠቀሰው አንድ ሕግ ሳይሆን አይቀርም። ጨዋታው የሚጀምረው ወረራ በሚባለው ምዕራፍ ነው። በወረራ ተራ የለም። አንዱ መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች እኩል፣ በፈለጉት ፍጥነትና ብዛት ያንቀሳቅሳሉ፤ የባላጋራቸውን አሰላለፍ እያዩ የራሳቸውን መልሰው ይለውጣሉ። ተራ በተራ መጫወት ከመጀመሪያው ምርኮ በኋላ ይመጣል። ይህን የማያውቅ እንግዳ አንጣሎ ቢቀመጥ የሚያየው እጅ የበዛበት ግርግር ነው። ሶልት መጫወቻዎቹን በትክክል እንዳልተረዳ የሚያሳይ ሌላም ምልክት አለ፤ ፊል ሦስት ቤት ይሄዳል ብሎ ጽፏል። ፊል በሰያፍ ዘሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሦስት የሚሆነው የተነሣበት ቤት ከተቆጠረ ብቻ ነው። መደቅ ሰሌዳውን ቢጨርስም ሹመት አያገኝም ያለውም በኋላ የመጡ ምንጮች መደቅ ፈርዝ ይሆናል ከሚሉት ጋር አይገጥምም። ራስ ወልደ ሥላሴ ሁልጊዜ ያሸንፋሉ ያለውን ግን ማመን አይከብድም። ከአገሩ ገዥ ጋር በሌሊት ተጫውቶ መርታት የጠዋቱን ቀለብ ያስነፍጋል።

ከዚያ በኋላ ስለ ሰንጠረዥ የተጻፈው እየሳሳ ይሄዳል። እቴጌ ጣይቱ በገናም ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮሄን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጨዋታውን ደንብ መዘገበ፤ በ1971 (እ.ኤ.አ.) የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት የተበታተነውን ሰብስቦ አሳተመ። በፓንክረስት ጊዜ ግን ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ የቆመ ነገር ነበር። ምሽቱን የሚያሞቁት ሰዎችም በጣሊያን ዘመን ተመትተዋል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ እንዲገደሉ ከታዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ይገኙበታል። ወራሪው በየዛፉ ጥላና በየእሳቱ ዳር የሚዘፈነውን ከጠመንጃ እኩል ፈርቶታል።

አንዳንድ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ዛሬም ድንኳናቸውን ባስተከሉት መኳንንት ስም ይጠራሉ። ድንኳን ይዞ የሚወጣው ግን አሁን ጎብኚ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ ላይ ካርታ ሲጫወት ያመሻል። በዚያ ቦታ ሰንጠረዥን መሞከር ለፈለገ ተራ የቼዝ ሰሌዳ ይበቃዋል። ንግሥቷን ፈርዝ ብሎ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ማስኬድ፣ ጳጳሱን ፊል ብሎ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ማዘለል፣ ወታደሩን ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ብቻ ማራመድ፣ ተራንም አንድ መጫወቻ እስኪበላ መተው ነው።