ድንኳኑ ለማን ነው? በጎንደርና በአካባቢዋ ክፉ ቀን ሲመጣ ሕዝቡ የተጠለለበት ታሪክ



ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሦስት ቤት ግድግዳ በዝናብ ወድቆ አሥራ አራት ነፍስ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ማደሩን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በአራተኛው ቀን ደግሞ ከመካከላችን አንድ አባት ዐረፉ። ድንኳኑ እንግዲህ አንድ ነው። ሐዘንተኛ ይቀመጥበት ወይስ ቤት የፈረሰበት ይደርበት? የተባባልነውን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። የሟች ባለቤት ራሳቸው «እነዚያን ልጆች ከዝናብ አታውጡብኝ፤ እኔ በግቢዬ ሸራ ወጥሬ እቀመጣለሁ» ባይሉ ኖሮ ነገሩ በዳኛ ፊት የሚያልቅ አይመስለኝም ነበር። ይሁን እንጂ ቅሬታው እስከ ዛሬ አለ። «እድር የተቋቋመው ለሙት ነው፤ ለቁም ሰው መንግሥት አለለት» የሚሉ አባላት አሉ። የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መዋጮውን የከፈሉት ለቀብር ነው።

እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በመዝገብ ቤት ወረቀት ስጽፍና ስከምር ነው። ሆኖም ይህ ክርክር ከተነሣ ወዲህ ያነበብሁትን፣ ከአባቶች የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን አሰባስቤ ለመጽሔታችን አቅርቤአለሁ።

በአገራችን ሕዝብን ከበሽታ ለማዳን ሰፈር የማዘዋወር ነገር አዲስ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. በሰኔ ወር ገደማ ዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊታቸውን ይዘው በጣና ዳር፣ በዘጌና በቆራጣ በኩል ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ገባባቸው። ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። በዚያን ጊዜ በንጉሡ እጅ ከነበሩት እንግሊዞች አንዱ ሄንሪ ብላንክ የሚባል ሐኪም ነበር። ኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው ንጉሡ ምክር ጠየቁት፤ እሱም የሐይቁን ዳር ለቀው ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ፣ የታመሙትንም ከጤነኛው ራቅ አድርገው እንዲያሰፍሩ መከራቸው። ሠራዊቱ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ፤ በሽታውም ቀስ በቀስ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ንጉሥና እስረኛ ነበሩ፤ ሆኖም ሕመምተኛን ለብቻ ማሳረፍን በተመለከተ ተስማሙ። እኛ ግን በአንድ ድንኳን ጉዳይ ሦስት ስብሰባ ፈጅተናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ከባድ ነው። በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ገብቶ አቃጠለ። ከተማው ሳያገግም ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ ያለ በሬ ደግሞ እርሻ የለም። ረሀቡ ሲጸና ኮሌራና ፈንጣጣ ተከተሉት። ያን ጊዜ ለተሰደደ ሰው መጠጊያው የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ነበር። ደጀ ሰላም ከጦር ያስጥላል፤ ከበሽታ ግን አያስጥልም። ሰው ተጨናንቆ ሲተኛ ቅማሉም ተስቦውም አብሮት ይተኛል።

የኅዳር በሽታ የተባለውን የ1911 ዓ.ም.ን ጉንፋን ብዙ አልጽፍበትም። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናጨሰው ለዚያ መታሰቢያ መሆኑን የሚያውቁ ወጣቶች ጥቂት ናቸው። ቀባሪ የጠፋበት ጊዜ ነበር። እድር በከተማ እየተስፋፋ የመጣውም ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ወደ ደምቢያ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ የሚባል አለ። ደምቢያ ከጣና በስተ ሰሜን ያለ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ እህሉ ሞልቶ ይተርፋል፤ ነገር ግን ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም ጀምሮ ወባ ይነሣበታል። የድሮ ሰዎች ቆላ ወርደው ያርሳሉ እንጂ ማታ ደጋ ወጥተው ነው የሚያድሩት። ይህ እንግዲህ ያለ ሐኪም የተገኘ መጠለያ ማለት ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ግን ወረርሽኙ እንደ ሌላው ዓመት አልሆነም። በደምቢያ ወደ 7,000 ሰው እንዳለቀ ይነገራል። አዝመራው ቆሞ አጫጅ ጠፋ ይሉ ነበር አባቶቻችን።

ከዚህ መዓት ወዲያው በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት ከአሜሪካ የፖይንት ፎር ድርጅት፣ ከዓለም የጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ሲሆን ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። ኮሌጁ ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። ሦስቱም ተማሪዎች በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ ቆላ ድባም ይወርዱ ነበር። መኮንኑ ያክማል፤ ነርሷ እናቶችን ትጎበኛለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። በልጅነቴ ሳኒታሪያኑ በሰፈራችን ሲያልፍ ሴቶች ማድጋቸውን ይከድኑ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሐኪሙን ግን እንዲህ አይፈሩትም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ብዙ ነፍስ ያዳነው ያ ጉድጓድ አስቆፋሪው ሰውዬ ሳይሆን አይቀርም።

በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ወባ እንደገና፣ አሁን ደግሞ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ተነሣ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለው፣ ወባ የማያውቀው አገር ሁሉ ተያዘ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 እንደሞተ ተገምቷል። የደጋው ሰው በሽታውን ስላልለመደው ደሙ መከላከያ አልነበረውም። የወባ ማጥፊያ ድርጅትም የተቋቋመው በዚያው ሰሞን ነው።

ወደ 1977 ዓ.ም. ስመጣ እጄ ይከብደኛል። ያን ጊዜ ወጣት ጸሐፊ ነበርሁ። በድርቅ የተፈናቀለው ሕዝብ ከሰፈረበት ከአንድ መጠለያ ስም እንድመዘግብ ተላክሁ። ቦታውን አልጠራም። ሰልፉ ረጅም፣ ጊዜው አጭር ስለነበር የቤቱን አባወራ ስም ብቻ ጽፌ «ከነቤተሰቡ» እያልሁ አለፍሁ። አንዲት ሴት የሞተች እኅቷን ሁለት ልጆች ይዛ መጥታ ነበር፤ አባወራ የላትም። በመጨረሻው ገጽ እጽፋታለሁ ብዬ ረሳኋት። ስንዴው ሲታደል ስሟ አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ስፈልጋት ከልጆቹ አንዱ አልነበረም። በረሀብ ይሁን በተቅማጥ አላውቅም፤ እሷም አልነገረችኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በዚያው ዓመት በእብናት የሆነውን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዋግ በኩልና ከአካባቢው የመጣ ከ30,000 በላይ ሰው ሰፍሮበት የነበረው መጠለያ በሚያዝያ ወር በባለሥልጣኖች ትእዛዝ በግድ ተበተነ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። የታመመውም የደከመውም ተነሥ ተባለ። በዘመኑ መጠለያዎች ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ከረሀቡ ያልተናነሰ ሰው እንደፈጁ ሐኪሞች ጽፈዋል። መጠለያ ሲባል ጣሪያ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ። ሰው ለማዳን የተሰበሰበበት ቦታ ውኃና መጸዳጃው ካልታሰበ ራሱ መቃብር ይሆናል።

በደርግ ዘመን የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች ነበሩ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ኋላም ወደ ከተማ ገቡ። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የቀይ መስቀልም በጎ ፈቃደኞች አሉት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ድንኳን መጣል ቀረና ሙታችንን በጥቂት ሰው ቀበርን፤ ያ ለእድርተኛ ምን ያህል መራራ እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅና ዳባት በትምህርት ቤቶች ሰፈረ። እንጀራ የጋገሩለት በየሰፈሩ ያሉ እናቶች ናቸው። የማን ምጣድ፣ የማን ድስት እንደነበር ብትጠይቁ እድር ታገኛላችሁ።

ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችን ጋር ተቀምጠን የእኛን ድንኳን ለካነው። አሥር ሜትር በስድስት፣ ስድሳ ካሬ ሜትር ነው። ለሐዘን ሲሆን ተጠጋግተን መቶ ሰው እንቀመጥበታለን። በዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ ግን ለሚያድር ሰው ለአንድ ነፍስ 3.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚይዘው 17 ሰው ነው፤ አሥራ ሰባት ብቻ! እኔ ስልሳ ይመስለኝ ነበር። ውኃው በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ተብሎ ሲሰላ ለ17 ሰው 255 ሊትር፣ ማለትም አሥራ ሦስት ጀሪካን ይሆናል። መጸዳጃ ለሃያ ሰው አንድ ነው። ልጅቷ ስታሰላ የድሮው ሳኒታሪያን ትዝ አለኝ።

እንግዲህ ድንኳኑ ብቻውን መጠለያ አይሆንም። የሚሻለው የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ለማደሪያ፣ ድንኳኑ ደግሞ ትኩሳትና ተቅማጥ ላለበት ሰው ለብቻ ማቆያ፣ ወይም ሐዘን ከገጠመ ለሐዘኑ እንዲሆን ነው። ትምህርት ቤቱ ክረምት ዝግ ስለሆነ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን ከወዲሁ መነጋገር አለብን። ባለፈው ክረምት ዘበኛው አገሩ ሄዶ ነው ልጆቹ ድንኳን ውስጥ ያደሩት፤ ይህን ያነሣ ሰው በስብሰባው ላይ አልነበረም። ሁለተኛ ድንኳን ይገዛ የሚለውን እኔ እደግፋለሁ፤ ወርኃዊ መዋጮ ይጨመር ማለቴ መሆኑንም አልደብቅም። ጋሼ ገንዘብ ያዣችን እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ያለ ብርም ይሠራል። የእድሩ መዝገብ የሚያውቀው ከፋዩን አባል ብቻ ነው። በአዲስ ደብተር በየቤቱ ያለውን ነፍስ ሁሉ በየስሙ፣ ሕፃኑን፣ እርጉዟን፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስደውን፣ ያለ ሰው ድጋፍ የማይነሣውን፣ ዘመድ ያስጠጋውንም ጭምር መጻፍ ጀምረናል። የሕመሙን ነገር የያዘው ገጽ በጤና ኤክስቴንሽኗ እጅ ይቀመጣል፤ ለእድር ወሬ አይሆንም። እስካሁን ስልሳ አንድ ቤት ተጽፏል። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ይቀራል፤ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እንሻገራለን፤ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ።