ከአጥሩ ውጭ የቀሩት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ደሴት ነው። ባርቤዶስ ይሏታል። ከካሪቢያን ደሴቶች ተነጥላ ወደ ምሥራቅ ወጣ ያለች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ የትም ቢቆሙባት የባሕር ሽታ የማይርቅባት አገር ናት። ይህች ደሴት በዓለም አሉ የተባሉ የክሪኬት ተጫዋቾችን አፍርታለች። እንዴት ሆነላት? ስሙኝማ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ክሪኬትን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ገና የተጫወተ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ዱላ አለ፣ ጠንካራ ኳስ አለ፣ ሰፊ ሜዳ አለ። እዚህ ግን አንዱ ኳሱን ይወረውራል፤ ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት ዘንጎች እየጠበቀ ይመታል። ኳሱ ርቆ ሲሄድ ሁለት መቺዎች እየሮጡ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ነጥብ የሚቆጠረው እንዲያ ነው። ዘንጎቹ ከተመቱበት ይወጣል። አንድ ሰው ሳይወጣ መቶ ነጥብ ከሞላ ስሙ ይነሣል።

ጨዋታውን ያመጡት እንግሊዞች ናቸው፤ ወታደሮቻቸውና የሸንኮራ አገዳ እርሻ ጌቶች። በእርሻው የሚለፉት ደግሞ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ልጆች ነበሩ። ነጻነታቸው የተሟላው በ1838 ነው። በ1865 በጋሪሰን ሜዳ ባርቤዶስ ከዴሜራራ፣ ከዛሬዋ ጋያና፣ ጋር ተጋጠመች። ከዚያ ክለቦች መጡ። በክለቦቹ መካከል የነበረውን አጥር ካላያችሁ የቀረው ታሪክ አይገባችሁም።

በ1877 ዋንደረርስ ተመሠረተ፤ የነጭ ባለ እርሻዎችና ነጋዴዎች ክለብ። በ1882 ፒክዊክ ተከተለ፤ እሱም የነጮች ነበረ፤ ሜዳውም ኬንሲንግተን ኦቫል። በ1893 የተማሩና ኑሮ የተሻላቸው ጥቁሮችና ክልሶች ስፓርታንን አቋቋሙ። እነሱም በተራቸው ከበታቻቸው ላለው በራቸውን ዘጉ። ኸርማን ግሪፊዝ የሚባል ፈጣን ወርዋሪ ለመግባት ሲጠይቅ ከለከሉት። ይህን ያዩ ሰዎች በ1914 ኢምፓየር የተባለ ክለብ ፈጠሩ። ያ የተከለከለ ሰው በ1931 ሲድኒ ላይ የአውስትራሊያውን ዶናልድ ብራድማንን፣ የዘመኑን ታላቅ መቺ፣ አንድም ነጥብ ሳያገኝ አሰናበተው።

በ1933 የባርቤዶስ ክሪኬት ማኅበር በሕግ ቆመ። የማኅበሩን ውድድር የያዙት ግን እነዚሁ ክለቦች ነበሩ። አገዳ የሚቆርጠው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ወደብ ላይ የሚሸከመው፣ የገጠሩ ወጣትስ? ከአጥሩ ውጭ ቀረ።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ሚቺ ሂውዊት የሚባል ሰው እነዚህን ሰዎች የሚያቅፍ የባርቤዶስ ክሪኬት ሊግ አቋቋመ። ዘመኑን አስታውሱ፤ ደመወዝ የማይረባበት፣ ድሃ ድምፅ መስጠት የማይችልበት ጊዜ ነው። በ1937 ክሌመንት ፔይን የተባለ የሠራተኞች ተሟጋች ከደሴቲቱ ሲባረር ሕዝቡ ተነሣ፤ 14 ሰዎች ተገደሉ። እንዲህ ባለ ዘመን ነው የመንደር ልጆች ቡድን አቋቁመው፣ በከብት መሰማሪያ ላይ ሜዳ ደልድለው፣ ቅዳሜና እሑድ የሚጋጠሙት። ለእኔ የባርቤዶስ ክሪኬት እውነተኛ ልደት ይህ ነው። ሕግ ያቆመው ማኅበር አጽም ቢሆን ሥጋና ደም የሆነው ሊጉ ነው።

የኤቨርተን ዊክስን ነገር ላጫውታችሁ። በ1925 ተወለደ፤ የእንጨት ቤታቸው ከኬንሲንግተን ኦቫል አጠገብ ነበር። አባቱ እንጀራ ፍለጋ ትሪኒዳድ ወደ ነዳጅ ማውጫ ሄደው ብዙ ዓመት ቀሩ። ልጁ በ14 ዓመቱ ትምህርት ተወ። ኦቫሉን ለሚያሰናዱት ያግዛል፤ ሣሩን ያስተካክላል፤ ተጫዋች ሲጎድል ገብቶ ኳስ ይይዛል። የፒክዊክ አባል መሆን ግን አይችልም፤ ጥቁር ነዋ! ስለዚህ በሊጉ ውስጥ ለሰፈሩ ቡድን ለዌስትሻየር ተጫወተ። በ1943 ሠራዊት ሲገባ የጋሪሰን ክለብ ተጫዋች ሆነ፤ ወደ ማኅበሩ ውድድር የገባው በዚያ በኩል ነው። በጥር 1948 እንግሊዝ ስትመጣ፣ ሣሩን ያስተካክል በነበረበት ሜዳ ለዌስት ኢንዲስ፣ ለካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን፣ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ጃማይካ ላይ የጀመረውን መቶ ነጥብ ሕንድ ድረስ ይዞት ሄዶ በተከታታይ አምስት ጊዜ መቶ አለፈ። ስድስተኛው 90 ላይ ተቋረጠ።

በዚያው አካባቢ፣ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ፣ ሁለት ሌሎች ልጆች ተወልደዋል፤ ፍራንክ ዎረልና ክላይድ ዎልኮት። እነዚያ በትምህርት ቤት በር ገቡ። ዊክስ ግን በሠራዊት በር። ሦስቱንም ዓለም በአንድ ላይ ይጠራቸዋል።

ጋርፊልድ ሶበርስም አለ። በ1936 ቤይ ላንድ በተባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ መርከበኛ ነበሩ፤ በ1942 መርከባቸው በጦርነቱ ስትሰምጥ ሞቱ። እናቱ ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። እሱም ሊጉ ውስጥ ተጫውቷል። የፖሊስ ቡድን አለቃ አየውና የፖሊስ ሙዚቃ ጓድ ውስጥ መለከት ነፊ አድርጎ አስገባው፤ በማኅበሩ ከፍተኛ ምድብ መሰለፍ የቻለው እንደዚያ ነው። አያችሁ በሩ እንዴት ጠባብ እንደነበረ! በ16 ዓመቱ ለባርቤዶስ፣ በ17 ዓመቱ ለዌስት ኢንዲስ ተሰለፈ። በ1958 በአንድ ጨዋታ ሳይወጣ 365 ነጥብ አስቆጠረ፤ ያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

ነገር ግን ተጫዋቹ ጥቁር፣ አምበሉ ነጭ የሚሆንበት ልማድ አልቀረም ነበር። ይህን ተቃውሞ በጋዜጣው አጥብቆ የተሟገተው የትሪኒዳዱ ሲ.ኤል.አር. ጄምስ ነው። ይህ ሰው ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በ1935 ፋሺስት ጣሊያን ሊወረን ሲነሣ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ የቆመውን የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር የመራ ሰው ነው። ለእኛ የጮኸ አንደበት ነውና ስሙን በምስጋና አነሣዋለሁ። ሙግቱም ፍሬ አፈራ፤ በ1960 ፍራንክ ዎረል ለሙሉ የውድድር ጉዞ አምበል የተሾመ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ ወደ አውስትራሊያ ተጓዘ። ሲመለሱ የሜልቦርን ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ሸኛቸው።

ኅዳር 30 ቀን 1966 ባርቤዶስ ነጻ ወጣች። በማግስቱ ዓመት ነጻነቷን ልታከብር ምን አደረገች መሰላችሁ? ከቀረው ዓለም የተመረጠ ቡድን መጥቶ እንዲገጥማት ጠራች። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝም ደሴት ዓለምን! ተሸነፈች። ኬንሲንግተን ኦቫል ግን በ2007 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን አስተናገደ፤ በ2024 ደግሞ ሕንድ ደቡብ አፍሪካን በ7 ነጥብ የረታችበትን የአጭሩን የሃያ ዙር ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ።

በ1998 ባርቤዶስ አሥር ብሔራዊ ጀግኖቿን ሰየመች። በ1937 ያባረረችው ክሌመንት ፔይን አንዱ ነው። በመለከት ነፊነት በሩን ያለፈው ሶበርስም አንዱ ነው።